የመጀመሪያው ድምፅ ዓመት

የአገሬን ስም አልጽፍም። የሚያውቋት ያለ ስሟም ያውቋታል፤ የማያውቋት ደግሞ ስሟ ቢነገራቸው መንገዷን አያገኙትም። የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው፤ ማየት ሥራዬ ነበርና።

ሥራዬ የንጉሡን እስትንፋስ መመልከት ነበር። ንጉሣችን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ለሸንጎው ንግግር ያደርጋሉ። በዚያ ቀን ከዙፋኑ በስተግራ፣ የትከሻቸውን መነሳትና መውደቅ በማይበት ቦታ እቆማለሁ። ንጉሡ አንድ ጉዳይ ጨርሰው ሊያርፉ ሲሉ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ቀድሞ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ እጄን አነሳለሁ፤ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ከበሮ ይመታል፤ ንጉሡ ያቆማሉ፤ ሸንጎው ተነስቶ ያጨበጭባል። የተጨበጨበለት ነገር ሕግ ይሆናል። ያልተጨበጨበለት ንግግር ብቻ ሆኖ ይቀራል። በእኛ አገር ሕግ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላም ልማድ አለን። ንጉሡ በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ ሁለት ጊዜ ይናገራሉ። በመጀመሪያ የማይስማሙበትን ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ያውም አሳምረው፣ የሐሳቡ ባለቤት ራሱ ቢናገረው ከዚያ አስበልጦ ሊናገረው በማይችልበት ሁኔታ። ይህ የመጀመሪያው ድምፅ ይባላል። ከዚያ ትንሽ ይተነፍሳሉ፣ ገጹን ይገልጣሉ፣ ሁለተኛውን ድምፅ፣ ማለት የራሳቸውን ሐሳብ፣ ይናገራሉ። ከበሮው የሚመታው ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ ነው። የቀደሙት ነገሥታት ይህን ልማድ ያቆሙት በአገሩ ውስጥ ሳይሰማ የሚቀር ሐሳብ እንዳይኖር ብለው ነው ይባላል። ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እናቶች እንኳ ልጆቻቸውን ሲቀጡ፣ ልጁ ያጠፋው ትክክል የሚሆንበትን ምክንያት በቅድሚያ አብራርተው ይነግሩትና ከዚያ ይገርፉታል።

ንጉሡ እያረጁ ሲሄዱ ጆሯቸው ደከመ። ከበሮው እንዲሰማቸው በየዓመቱ እንዲተልቅ ተደረገ። በመጀመሪያ የፍየል ቆዳ የለበሰ ነበር፤ ቀጥሎ የበሬ፤ በመጨረሻ የሁለት በሬ ቆዳ ተጋጥሞ ተሰፍቶለት መቺው ጓንጉል መሰላል ላይ ወጥቶ የሚመታው ሆነ። ሰው ሲያነጋግራቸው ከንፈሩን አይተው ይመልሳሉ። ወደ ጆሯቸው የሚደርስ ድምፅ ግን ከዚያ ከበሮ በቀር አልነበረም። ሲመታ የሚሰማኝ በደረቴ ነው ይሉኝ ነበር።

ከተማችን ያለችው በወንዝ ዳር ነው። ከወንዙ ባሻገር የጎረቤታችን አገር ከተማ አለች፤ እኛ ማዶ እንላታለን። በመካከል አንድ የእንጨት ድልድይ አለ። እኅቴ ማዘንጊያ ያገባችው ማዶ ነው። ትርንጎ የምትባል፣ ወገቧ ጋ የሚደርስ ጉንጉን ያላት ልጅ አለቻት።

በዚያ ዓመት ክረምት የማዶ ሰዎች እርስ በርስ ተዋጉ። ምክንያቱን ብዙ ሰው አስረዳኝ፤ የሁለት ሰው ማብራሪያ ግን አንድ ሆኖ አላገኘሁትም። ኮረብታውን የያዙት አንድ ትልቅ መድፍ ጎትተው አወጡና ከተማይቱን መደብደብ ጀመሩ። የእኅቴ ባል መጀመሪያ ከሞቱት ጋር ሞተ። የተረፉት ጓዛቸውን ይዘው ወደ ድልድዩ መጡ።

ድልድዩ ክፍትም ዝግም አልነበረም። ጦርነት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የተጨበጨበለት ሕግ ስላልነበረ፣ ጠባቂዎቹ ማንንም አያሳልፉም፣ ማንንም አያባርሩም። የማዶ ሰዎች በድልድዩ ጫፍ ተቀምጠው የንጉሡን ንግግር መጠበቅ ያዙ።

ከድልድዩ በታች ወንዙ የሚጠብብበት ቦታ አለ። እኔ በዚህ፣ እኅቴ በዚያ ቆመን እንጯጯሃለን።

«ንጉሡ መቼ ነው የሚናገሩት?» ትለኛለች።

«መንገዱ ሲደርቅ!»

«ደርቋል እኮ! ከዚህ ሆኜ አቧራው ይታየኛል!»

«መድረቁ ገና አልታወጀም!»

«ወይ ወንድምዓለም! ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩህ ይህንን ነው?» ብላ ሳቀች። ባሏ በሞተ በወሩ መሳቋ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ኮረብታው ላይ መድፉ ሲጮኽ ሁለታችንም አጎነበስን።

የንግግሩ ዕለት ማለዳ እንደ ልማዳችን ከንጉሡ ጋር እስትንፋስ ለመለካት ገባሁ። ንግግሩን ከዳር እስከ ዳር አንብበውልኝ የሚያርፉበትን ሁሉ አየሁ። የድልድዩ ጉዳይ የመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛውን ድምፅ እስካሁን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ የማዶ ሴት ነበረች። አባቴን ልታገባ በዚያ ድልድይ ስትመጣ ማንም አላስቆማትም። አስቁመዋት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር የሚያደርግላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ድልድዩ ከዛሬ ጀምሮ ይከፈት።»

አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኅትህ ማዶ ናት አሉኝ።»

«አዎ፣ ግርማዊ ሆይ። ከልጇ ጋር።»

«እንግዲያው ምሳህን ቆይተህ ብላ። አብረውህ ይበላሉ።»

ከአዳራሹ በፊት ወደ ወንዙ ሮጥሁ። እኅቴን ጠርቼ «ጓዝሽን ሸክፊ!» አልኋት። የንጉሡን ንግግር አስቀድሞ ማውራት ክልክል ስለሆነ ሌላ ቃል አልጨመርሁም። አልፈለገችምም። ትርንጎን አቅፋ ስትዘል ከዚህኛው ዳር ይታየኝ ነበር።

ሸንጎው ሞላ። ንጉሡ ገብተው ቆሙ። የመጀመሪያውን ድምፅ ሲጀምሩ፣ ስንት ዓመት የሰማኋቸው እኔ እንኳ ሰውነቴን ነዘረኝ፤ ያን ያህል አሳምረው ተናገሩት።

«ድልድዩ የእኛ ነው፤ እሳቱ የእነርሱ ነው» አሉ። «ማዶን አላቃጠልንም፤ ልናጠፋላትም አልማልንም። ጎተራችን የተሠራው በእኛ ሆድ ልክ ነው። የሚመጡት ዛሬ እንግዶች ናቸው፤ ከርመው ጎረቤት ይሆናሉ፤ ሰንብተው ፍርድ ቤት ያቆሙናል። ደግሞስ የትኛው በዳይ፣ የትኛው ተበዳይ እንደሆነ በምን እንለያለን? ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። እንግዲህ ጦርነቱ አልቆ ማዶ ራሷን እስክታውቅ ድረስ ድልድዩ ይዘጋ።»

እዚህ ላይ ትከሻቸው አልወረደም። ትንፋሽ ሊወስዱ ብቻ ነበር፤ ደረታቸው ሞልቶ፣ ጣታቸው ገጹን ሊገልጥ ተዘጋጅቶ ነበር። እጄን አላነሳሁም። ጓንጉልም መሰላሉ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ነበር።

ከኮረብታው መድፉ ተተኮሰ።

የአዳራሹ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ንጉሡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና አቆሙ። ንጉሡ ሲያቆሙ ሸንጎው በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

እኔ ጮኽሁ። «ገና ነው! ገና አልጨረሱም!» ብዬ ጮኽሁ። ከጭብጨባው የተነሳ የሰማኝ የለም፤ አፌን ከፍቼ ያዩኝ ደግሞ እልል የምል መስሏቸው የበለጠ አጨበጨቡ። ንጉሡ ሸንጎው በእግሩ መቆሙን አዩ። ከዚያ ዝቅ ብለው ያልተገለጠውን ገጽ አዩ። ጣታቸው ገጹ ላይ ትንሽ ቆየ። የተጨበጨበለትን ጉዳይ መቀጠል ሸንጎውን አልሰማችሁም ብሎ እንደ መስደብ ይቆጠራል፤ አንድም ንጉሥ አድርጎት አያውቅም። ገጹን ሳያነቡ አሳልፈው ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ንብ ቀፎዎች፣ ሄዱ።

መድፉ በዚያ ቀን ችኩል ነበር። የቀፎው ጉዳይ የመጀመሪያው ድምፅ ንብ ሕፃናትን ስለምትነድፍ ቀፎዎች ሁሉ ይቃጠሉ የሚል ነበር፤ መድፉ ተተኮሰ፤ ተጨበጨበ። ጉድጓዶች ሰው ስለሚገባባቸው ይደፈኑ የሚለው ተጨበጨበለት። አዋላጆች እናት የምታውቀውን ነገር ስለሚያስከፍሉባት ይባረሩ የሚለውም ተጨበጨበለት። ከሁሉ ጉዳይ ሁለተኛው ድምፅ ላይ የደረሰ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የአዳራሹ መጋረጃ ይታጠብ የሚለው ነው። ለመጋረጃው እጄን አነሳሁ፤ ጓንጉል መታ።

ሸንጎው ሲበተን በኮሪደሩ የአንዱን ወረዳ ተጠሪ አቶ ደምመላሽን ያዝሁት። አብረን ያደግን ሰው ነው።

«የመጀመሪያው ድምፅ መሆኑን አላወቅህም?»

«እንዴት አላውቅም? ሞኝ መሰልሁህ?»

«ታዲያ ለምን አጨበጨብህ?»

«ንጉሡ አቆሙ።»

«ከበሮው አልተመታም እኮ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ከበሮ መቺ ነኝ? ንጉሡ አቆሙ፤ ጎኔ ያለው ተነሳ፤ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ልቅር?» አለና እጅጌዬን ለቀም አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቤቴ ዐሥራ አንድ ቀፎ አለኝ። ዛሬ ማታ ነው የማቃጥለው። አንተ ስለ ድልድይ ታወራኛለህ።»

የሥርዓት ሹሙ አቶ መንበሩ በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ። አቶ መንበሩ ረጅም፣ ልብሳቸው የማይጨማደድ፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሲያስነጥሱ ያልታዩ ሰው ናቸው። እኔና ጓንጉልም ተጠራን። ደስ አለኝ፤ ስህተቱን ሊያርሙት ነው ብዬ።

«ከበሮ ሳይመታ ያጨበጨበ የሸንጎ አባል ምን ይደረጋል?» ብለው ጠየቁ።

«ከሸንጎ ይሰረዛል» አልሁ ቶሎ ብዬ።

«ማን ማን አጨበጨበ?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከትናንት ጀምሮ ሸንጎ የለንም፤ ወይ ከበሮ ተመትቷል። ሸንጎ ከሌለን ደግሞ ሸንጎ የለንም ብሎ የሚወስን አካል የለም። ስለዚህ ከበሮ ተመትቷል።»

ጓንጉል ከወንበሩ ተነሳ። «ጌቶቼ፣ እኔ ከመጋረጃው በቀር አልመታሁም። ልጆቼን ያሳጣኝ፣ አልመታሁም።»

«አንተ መታህ ያለህ የለም፣ አቶ ጓንጉል። ተቀመጥ። የመታው ኮረብታው ላይ ያለው ነው። የቀረው ነገር እሱን መሾም ብቻ ነው።»

እንዲህ ሆኖ የማዶው መድፍ ተኳሽ፣ ስሙ እንኳ ሳይታወቅ፣ ከንግግሩ ዕለት ማለዳ ጀምሮ የሚታሰብ የሸንጎው ዋና ከበሮ መቺ ሆኖ ተሾመ። ጓንጉል ምክትሉ ሆነ። ሹመት ያለ ካባ አይጸናምና ካባ እንዲወሰድለት ተወሰነ። አዲሱ ሕግ፣ አቶ መንበሩ እንደተረጎሙት፣ ከሹመኞች በቀር ማንም በድልድዩ እንዳይተላለፍ ስለሚያዝ፣ ወሳጆቹ አቶ መንበሩና እኔ ሆንን፤ እሳቸው ካባውን ሊያለብሱት፣ እኔ የንጉሡን እስትንፋስ ላስረዳው።

ከመሄዴ በፊት ንጉሡ ዘንድ ገባሁ። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ከንፈሬን እንዲያዩ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«ግርማዊ ሆይ፣ ከበሮ አልነበረም። መድፍ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ከበሮ ደረትን እንዲያ አያሞቅም።»

«ታዲያ ይመልሱት። አንድ ቃል ይበቃል።»

«ለማን ነው የምናገረው? ሸንጎውን የምጠራው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከሸንጎው ውጭ የምናገረው የሽማግሌ ወሬ ነው።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «መድፍ ነበር ብዬ ብናገርስ? በአዳራሼ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያዝ እንዳለ ነግሬያቸው አረፍሁ ማለት ነው። ለሚመጣው ዓመት እናገረዋለሁ። ገጹን አስቀምጬዋለሁ።»

«እኅቴ በድልድዩ ጫፍ ተቀምጣለች።»

ንጉሡ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ተነሳና ሳይወርድ ቆየ። እስትንፋስ መመልከት ሥራዬ ነው ብያለሁ፤ የዚያን ዓይነቱን ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ሲወርድ ሳላይ ወጣሁ፤ ማየት ተገቢ አልመሰለኝም።

በድልድዩ ላይ የእኛ ጠባቂዎች ሰው አይቆጥሩም፤ ባርኔጣ ነው የሚቆጥሩት። በአገራችን ሹመኛ የሚታወቀው ሰፊ ክፈፍ ባለው ቀይ ባርኔጣ ስለሆነ፣ «ሁለት ባርኔጣ ወጣ» ብለው አሳለፉን። የማዶ ሰዎች ቀዩን ሲያዩ ተነሱ። ድልድዩ የተከፈተ መስሏቸው አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን አዘሉ። ማዘንጊያ ሰው ገፍታ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከስታለች። ትርንጎ ከኋላዋ ቆማ እጄ ላይ ያለውን ካባ በጣቷ ትነካ ነበር።

«እንሂድ?» አለች እኅቴ።

«ገና ነው።»

«ይሄ ካባ ለማን ነው?»

«ለመድፈኛው።»

«የትኛው መድፈኛ?»

በአገጬ ወደ ኮረብታው አሳየኋት። ኮረብታውን አየች፤ ካባውን አየች፤ እኔን አየች። ወርቃማውን ጠርዝ ገልብጣ ስፌቱን መረመረች።

«ጥሩ ሰፊ ነው የሰፋው» አለች።

ነጭ ጨርቅ እያውለበለብን ኮረብታውን ወጣን። መድፈኛው ዘርጋው የሚባል፣ በጆሮዎቹ ጥጥ የወተፈ፣ አጭር ሰው ነበር። ሸሚዙን አጥቦ በመድፉ አፈሙዝ ላይ አስጥቶ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ተቀምጧል። አቶ መንበሩ ሹመቱን ሲያነቡለት ጥጡን ከአንድ ጆሮው አወጣ።

«እኔ? ምን አድርጌ?»

«ከበሮ መትተዋል።»

«እኔ ከበሮ አላውቅም፣ ጌታዬ። መድፍ ነው የማውቀው። እሱንም በዚህ ክረምት ነው የለመድሁት፤ ድሮ ሸክላ ሠሪ ነበርሁ።»

«ሸንጎው አጨብጭቧል» አሉ አቶ መንበሩ።

ዘርጋው ወደ እኔ ዞረ። «ለእኔ? እውነቱን ነው?»

«እውነት ነው።»

«እዚህ እኮ አንድ ሰው አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም። ተኩስ ይሉኛል፣ እተኩሳለሁ፤ የት እንደሚወድቅ እንኳ አይነግሩኝም።» ካባውን አለበሱት። ሸሚዝ ስላልነበረው በባዶ ገላው ላይ ነበር፤ ወርቃማው ጠርዝ አመድ በነካው ደረቱ ላይ አበራ። እንባ አውጥቶ አለቀሰ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር የወጣሁት፤ የምጠላበት ቦታ አጣሁ።

አቶ መንበሩ ግዴታውን አነበቡለት፦ በየዓመቱ በንግግሩ ዕለት፣ ንግግሩ ከተጀመረ እስኪያልቅ፣ ሳያስተጓጉል ይመታል።

«ጦርነቱ ቢያልቅስ?» አለ ዘርጋው።

«ሹመቱ ከጦርነቱ ጋር አይያያዝም።»

«ወዴት አዙሬ ልምታ?»

አቶ መንበሩ ወረቀቱን ገልብጠው አዩ። «ስለ አቅጣጫ የተጻፈ የለም። እንዳለ ይሁን።»

እኔ ስለ ንጉሡ እስትንፋስ የማውቀውን ሁሉ አስረዳሁት። ሁለተኛው ድምፅ እስኪያልቅ እንዲጠብቅ ለመንሁት፤ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ቀድሞ ዝቅ ሲል መሆኑን አሳየሁት። በትሕትና ሰማኝ። ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ ወንዙን አሻግሮ አየና «አዳራሹ እኮ ከዚህ አይታይም፣ ወንድሜ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሚታየው ጣሪያው ብቻ ነበር።

ስንመለስ ማዘንጊያ ድልድዩ አፍ ላይ ትርንጎን ይዛ ቆማ አገኘናት። ጠባቂዎቹን ስታጠና የዋለች ይመስለኛል።

«ባርኔጣ ነው አይደል የሚቆጥሩት?» አለችኝ።

«ባርኔጣ ነው።»

ሌላ ነገር መነጋገር አላስፈለገንም። ባርኔጣዬን አውልቄ ትርንጎ ራስ ላይ አደረግሁት፤ እስከ ቅንድቧ ድረስ ገባ። የሹመት ካፖርቴን ደረብሁላት፤ መሬት ጎተተ።

«አጎቴ፣ አንተስ?» አለችኝ።

«እኔ ለእናትሽ ወሬ አለብኝ። ጓንጉል የሚባለውን ሰው ጠይቂ፤ መሰላል ያለበት ቤት ነው። አትሩጪ፤ ሹመኛ አይሮጥም።»

አቶ መንበሩ ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ነበር። ከድንጋይ የተሠራ ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብሁም፤ ፊት ማንበብ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ወደ ልጅቷ ቀረቡ። ባርኔጣው በአንድ ወገን ዘንበል ብሎ ነበር፤ በሁለት ጣታቸው ቀና አደረጉት።

«ሹመኛ ባርኔጣውን አያዘምም» አሉና እጇን ሳይይዙ፣ ግን እርምጃቸውን በእርምጃዋ ልክ አሳጥረው፣ ድልድዩን ተሻገሩ።

«ሁለት ባርኔጣ ገባ» ሲሉ ሰማን።

ማዘንጊያ እጄን እንደያዘች ወንዙ ዳር ተቀመጠች። ደስ ብሏት ነበር። እንደዚያ ሆና ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚያ ዓመት የማውቀው ከማዶ ሆኜ ያየሁትንና ጓንጉል ከጠባቡ ቦታ እየጮኸ የነገረኝን ነው። አገሬ በመጀመሪያው ድምፅ ትተዳደር ነበር። ቀፎዎች ሲቃጠሉ ጭሱ እኛ ድረስ መጣ፤ ማር ማር ይሸት ነበር። ጉድጓዶች ተደፍነው ሰዉ ከወንዙ ይቀዳ ጀመር፤ እኛም ከዚሁ ወንዝ እንቀዳለን፤ በሁለት ዳር እንስራ ይዘን ስንተያይ ሰላምታ እንለዋወጣለን። አቶ ደምመላሽ አንድ ቀን በዚያ በኩል ፊቱን ሲታጠብ አየሁት። ሚስቱ ያለ አዋላጅ ወልዳ መሞቷን ጓንጉል ነግሮኝ ነበር። ጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ባርኔጣ ስላልነበረኝ ሰው አልመሰልሁትም መሰለኝ፣ ሄደ። ይህን ሁሉ ማንም አይወድደውም ነበር፤ ንጉሡም ጭምር። ሁሉም ሕጉን ይጠብቃል።

ትርንጎ ጓንጉል ቤት ናት። ወንዙ ዳር ይዟት ሲመጣ እናቷ ጉንጉኗን ከሩቅ አይታ «ማን እንዲህ አጥብቆ ሠራት?» ትላለች።

ዓመቱ ሊዞር ሲል ማዶ ታከተች። የሚዋጉት ወገኖች ተገናኝተው ታረቁ። ያስታረቃቸው ምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ አሁንም የሁለት ሰው ማብራሪያ አንድ አልሆነም። መድፉ ዝም አለ። ሰዎች ጣሪያቸውን መጠገን ያዙ። ድልድዩ ጫፍ ላይ ያለነው ግን ቤት ስለሌለን እዚያው ቆየን። መንገዱ ደረቀ፤ መድረቁ ታወጀ። የንግግሩ ዕለት ደረሰ።

ዕለቱ ብሩህ ነበር። ማዘንጊያ ጓዟን አልሸከፈችም፤ ነገር ግን ነጠላዋን አጥባ ለብሳለች። ንጉሡ ያንን ገጽ ማስቀመጣቸውን ነግሬያታለሁ። ጦርነቱም አልቋል፤ ድልድዩን ለመዝጋት የሚቀርብ ምክንያት የለም። ከዚያ ዳር አዳራሹ በር ላይ ባርኔጣዎቹ ሲሰበሰቡ፣ በሩም ሲዘጋ አየን። አሁን ንጉሡ ቆሙ አልሁ። አሁን ጀመሩ። የመጀመሪያው ድምፅ ምን ያህል እንደሚረዝም አውቃለሁ። አብሬያቸው እተነፍስ ነበር።

ኮረብታው ላይ አንድ ወርቃማ ነገር ብልጭ አለ። ካባው ነበር። ዘርጋው ሹመቱን አክብሮ መጥቷል።

መድፉ ተተኮሰ። እንዳለ ነበር፤ አቅጣጫው አልተለወጠም። ከኋላችን አዲስ ጣሪያ የሚመታ የነበረው መዶሻ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ የሰው ጩኸት ተነሳ። ማዘንጊያ ራሷን ይዛ አጎነበሰች። አቧራው ሳይወርድ፣ ጩኸቱም ሳያባራ፣ ከወንዙ ባሻገር ሌላ ድምፅ መጣ፤ በመጀመሪያ የዝናብ መስሎኝ ነበር።

«ምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?» አለች እኅቴ።

«እንጃ።»

«አንተ ታውቃለህ እኮ። ሥራህ ነበር።»

አውቅ ነበር። ትንፋሻቸውን ቆጥሬያለሁ፤ ገጹን ለመግለጥ አንድ ትንፋሽ ሲቀራቸው ነበር። የተናገሩት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ድምፅ ስለ ድልድዩ ምን ብሎ እንደተጻፈ የነገረኝ የለም።

ደጋግሞ ተተኮሰ፤ ደጋግሞ ተጨበጨበ። ሲያልቅ በሩ ተከፈተና ባርኔጣዎቹ ወጡ። ወደ ቤታቸው አልተበተኑም። ተሰልፈው፣ ረጅሙ ሰው ከፊት ሆኖ፣ ወደ ድልድዩ መጡ። በእጃቸው የያዙት ነገር አለ።

ማዘንጊያ ተነሳች። አቧራዋን አራገፈች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ወንድምዓለም፣ ሊከፍቱት ነው የሚመጡት? አንተ ዓይንህ ደህና ነው፤ እስቲ እይልኝ።»

እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ አየሁ። በጥንቃቄ እንዳይ የተማርሁ ሰው ነኝ። ፀሐይዋ በመጥረቢያዎቹ ላይ ታንጸባርቅ ነበር፤ የመጀመሪያው ባርኔጣ የመጀመሪያው ሳንቃ ላይ ተንበረከከ።

«ገና አልለየም» አልኋት።